አስናቀች ወርቁ፦ ከመድረክ እስከ ፊልም

በአገራችን የቴአትር መድረክ ላይ የሴትን ቦታ ለብዙ ዓመታት ይዘው የተጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሚስትም፣ እናትም፣ ሙሽራም ሆኖ የሚቀርበው ቀሚስ የለበሰ፣ ሻሽ ያሰረ፣ ድምፁን ያቀጠነ ወንድ ነበር። ይህን ልማድ ከሰበሩት ሴቶች ውስጥ ስሟ በግንባር ቀደምትነት የሚጠራው አስናቀች ወርቁ ናት። ብዙዎች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይ ይሏታል። ክራሯን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን፤ በሬዲዮም ሰምተነዋል። ቴአትሯን ያዩ ሰዎች ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። እኔም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስለሆንኩ በመድረክ ላይ አላየኋትም። ያወቅኋት በፊልም ነው።

ስለ ቴአትር ዓለም የተሠሩ ፊልሞችን እወዳለሁ። በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቴአትር አለ። ተዋናዮቹ ሲለማመዱ፣ ልብስ ሲለኩ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ እናያለን፤ በመጨረሻ መጋረጃው ሲከፈት ደግሞ ከታዳሚው ጋር ተቀምጠን ቴአትሩን እናያለን። ከመጋረጃው ጀርባ የሆነውን ስለምናውቅ በመድረክ ላይ የሚነገረው ቃል ለእኛ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል። በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሰሙን ሲሰማ እኛ ወርቁንም እንሰማለን። የቢሮ ሥራዬ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ሁለት ትርጉም ከኖረው ኦዲተር ይጠራል። ምናልባት እነዚህን ፊልሞች የምወደው ለዚህ ይሆናል።

የአስናቀችን ሕይወት የሚናገረው ፊልም ራሔል ሳሙኤል ያዘጋጀችው ዘጋቢ ፊልም ነው። ርዕሱ ወዳጆቿ ይጠሯት በነበረው ስም «አስኒ» ይባላል። ወደ ፊልሙ በኋላ እመለሳለሁ። ከዚያ በፊት ሕይወቷን ከመጀመሪያው ልጀምር።

አስናቀች የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ነው። በዚያው በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ጣሊያን ለወረራ እየተዘጋጀ ስለነበር እነ መኰንን ሀብተወልድ ሕዝቡን በንግግር፣ በመዝሙርና በሙዚቃ እየሰበሰቡ ስለ አገሩ ለማንቃት የመሠረቱት ማኅበር ነው። ከነፃነት በኋላ ሥራውን ቀጥሎ ዛሬም ድረስ ያለው የሀገር ፍቅር ቴአትር ከዚያ ወጣ። ስለዚህ አስናቀችና ያ ቤት እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። አስናቀች ያኔ ገና ጨቅላ ነበረች፤ ዳዴ ያለችውም አፍ የፈታችውም በጠላት ዘመን፣ ባዕድ ሰንደቅ በተሰቀለበት ከተማ ነው።

እናቷን በሕፃንነቷ አጣች፤ ያደገችውም በሰው እጅ ነው። በማኅበራችን ውስጥ በሰው እጅ ያደጉ እህቶች ስላሉ ይህን አላብራራም። ልጅነቱ በሰው ቤት ያለፈበት ሰው ቀድሞ የሚማረው የሰውን ፊት ማንበብ ነው። ማን ተቆጥቷል፣ ማን ደስ ብሎታል፣ አሁን ዝም ልበል ወይስ ላጫውት የሚለውን ገና በሩ ላይ ሆኖ ያውቀዋል። ለተዋናይነት ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ክራር መምታት የተማረችው ራሷን በራሷ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ጅማት ያለው፣ በጉያ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁሉ ይሸከማል። በእኛ ባህል ግን መሣሪያዎችም እንደ ሰው ማዕረግ አላቸው። በገና የመኳንንትና የካህናት ነው፤ ለጸሎትና ለመዝሙር ይደረደራል። ክራር የዘፈን፣ የመጠጥ ቤትና የፍቅር ነው፤ የሰይጣን መሣሪያ ነው የሚሉትም ነበሩ። ክራር ያነሳ ወንድ አዝማሪ ይባላል፤ ያ ቃል በዚያ ዘመን ሙያን ብቻ ሳይሆን ስድብንም ይይዝ ነበር። ክራር ያነሳች ሴት ደግሞ ከዚያም የባሰ ስም ይወጣላታል። በከተማው ውስጥ ሜሪ አርምዴን የመሰሉ ክራር የሚመቱ ሴቶች አልጠፉም፤ ስማቸው የገነነውን ያህል ሐሜቱም አብሯቸው ይሄድ ነበር። እናት የሌላት፣ ስሟን የሚጠብቅላት ዘመድ የሌላት ወጣት ይህን መሣሪያ ስትመርጥ ምን እንደሚጠብቃት አታውቅም ነበር ለማለት ይከብዳል።

ወደ ቴአትሩ ልግባ። ለምን ወንዶች የሴትን ቦታ ይጫወቱ እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ቴአትር ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ በሚገኘው ቴራስ ሆቴል መኳንንቱ ባሉበት ታየ። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል። ስለዚህ የእኛ የሂሳብ ሠራተኞች ታላቅ ወንድም ናቸው ብዬ በልቤ እኮራባቸዋለሁ። ቴአትራቸው ግን መንግሥቱን የሚነካ ሆኖ ስለተገኘ ታገደ፤ መጽሐፉም ተሰበሰበ። በ«ፋቡላ» ውስጥ የሚናገሩት እንስሳት ስለሆኑ ሴትን ማን ይጫወት የሚለው ጥያቄ አልተነሳም። ጥያቄው የመጣው ሰዎች ሰዎችን መጫወት ሲጀምሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴአትር የተስፋፋው በትምህርት ቤቶች ነው። እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው መምህራን ነበሩ፤ ተዋናዮቻቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የወንዶች ነበሩ። እንግዲህ ሴት የምትባለው ገጸ ባሕርይ ከክፍሉ ውስጥ ጢም ላላበቀለው ልጅ ትሰጣለች ማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው በክፋት አይመስለኝም፤ ያለው ልጅ ያ ስለነበረ ነው። እንደዚህ የተጀመረ ነገር ግን ቆይቶ ሕግ ይመስላል። የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ከነፃነት በኋላም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በዚያው ትምህርት ቤት ቴአትር እየጻፉ ሴት ተማሪዎቻቸውን ያሠሩ ነበር። ስለዚህ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ በራሱ ያልታየ ነገር አልነበረም። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በመምህርት ዓይን ሥር፣ በነፃ ከሆነ ይቻላል። ትኬት ተቆርጦ፣ የማያውቃት ሰው ከፍሎ ገብቶ የሚያያት ሴት ግን ሌላ ጉዳይ ናት።

እኔን የሚያስገርመኝ ይህ ልዩነት ነው። ሴት በሠርግ ቤት ብትዘፍን ደስታ ነው፤ በለቅሶ ቤት ሙሾ ብታወርድ ሙያ ነው፤ በማኅበር ቀን ብታጫውት ተጫዋች ናት ይባላል። ያንኑ አድርጋ ደመወዝ ከተቀበለች ስሟ ይጠፋል። ገንዘቡ ምን ጨመረበት? እኔ ገቢና ወጪ ስመዘግብ ገንዘቡ ነገሩን ሲያረክሰው አይቼ አላውቅም።

አስናቀች ይህን መስመር የተሻገረችው በ1945 ዓ.ም. ገደማ ነው። «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴአትር ተጫወተች። ዕድሜዋ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላም ነበር። በሕዝብ መድረክ ላይ ሴት የሴትን ቦታ ይዛ ታየች። ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ማን ነበር ታዲያ ሊጫወተው ያስብላል። ነገር ግን ለዚያ ዘመን ተመልካች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እሱ የለመደው ሴት መስሎ የሚቀርበውን ወንድ ነው፤ እሱን እያየ መሳቅም ማልቀስም ያውቃል። እውነተኛዋ ሴት ስትመጣ ግን ጨዋታው የት ላይ አበቃ፣ ሕይወቱ የት ላይ ጀመረ የሚል ጥርጣሬ ይገባዋል። በመድረክ ላይ ወንድ ካቀፋት ታቀፈች ይባላል። ወንዱ ተዋናይ ግን ንጉሥ ሆኖ ቢተውን ነገሠ የሚለው የለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የውጭ ፊልም ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው «ስቴጅ ቢዩቲ» ታሪኩ የሚካሄደው በ1660ዎቹ ለንደን ነው። እንግሊዝ አገርም እስከዚያ ዘመን ድረስ በቴአትር የሴት ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ኪናስተን የሚባል ተዋናይ በሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ባሏ በቅናት የሚገድላትን ዴስዴሞናን በመጫወት ከተማውን ያስለቅሳል። ልብሱን የምታለብሰው ማሪያ የምትባል ሴት ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ በየምሽቱ እያየችው ቃሉንም የእጁን እንቅስቃሴም በቃሏ ትይዛለች። በኋላ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ሴቶች እንዲተውኑ ሲፈቅድ ማሪያ ዴስዴሞናን ትጫወታለች። ችግሩ ግን የምትጫወተው ሴትን አይደለም፤ ሴትን የሚጫወተውን ወንድ ነው። እጇን እንደሱ ታነሳለች፤ እንደሱ አምራ ትሞታለች። በፊልሙ መጨረሻ ኪናስተን ራሱ ኦቴሎን፣ እሷ ዴስዴሞናን ሆነው ሲጫወቱ ማሪያ አምራ መሞቷን ትታ ለነፍሷ ትታገላለች። በአዳራሹ ያለው ታዳሚ በእውነት የተገደለች መስሎት ይደነግጣል።

ይህን ትዕይንት ካየሁ ወዲህ ስለ አስናቀች የማስበው ተለወጠ። ከዚያ በፊት ትልቁ ነገር ደፍራ መድረክ ላይ መውጣቷ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከመውጣቱ የሚከብደው ከወጡ በኋላ ያለው ነው እላለሁ። መድረኩ ላይ ወንዶች የሠሯት ሴት ቀድማ ቆማ ትጠብቃታለች። ያቺ ሴት አንገቷን ደፍታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ በቀጭን ድምፅ የምትናገር ናት፤ ወንድ ሴትን ሲመስል የሚያሳየው ከውጭ ሆኖ ያየውን ነውና። አስናቀች አርአያ የምታደርጋት ተዋናይ አልነበረቻትም። ከሌላው ወስዳ የምትቀዳው ስላልነበራት ከራሷ ማምጣት ነበረባት።

«ሼክስፒር ኢን ላቭ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ፊልም ያያችሁም ትኖራላችሁ። እዚያ ደግሞ ቫዮላ የምትባል የባለጠጋ ልጅ መድረክ ላይ ለመውጣት ወንድ መስላ ትለብሳለች፤ በመጨረሻ ግን በ«ሮሚዮና ጁልየት» ውስጥ ጁልየትን ራሷን ሆና ትጫወታለች። ቆንጆ ፊልም ነው፤ እኔ ግን የማሪያን እመርጣለሁ። ቫዮላ ቴአትሩ ካለቀ በኋላ የምትመለስበት ሀብታም ቤት አላት። ማሪያ ግን በሥራዋ የምታድር ሴት ናት፤ ለአስናቀች የምትቀርበውም እሷ ናት።

የአስናቀች እንጀራ የሆነው ቤት የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት የሄዱት ሕንፃ ተሠርቶ አልቆ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ለገሀር ወርዶ የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ያስታውሳል፤ እሱም የዚያው የኢዮቤልዩ ዘመን ሥራ ነው። ለመክፈቻ የታየው ቴአትር መኰንን እንዳልካቸው የጻፉት «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩን ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው ነው፤ ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ቤርሳቤህን ወስዶ ባሏን ወደ ጦር ግንባር ይልከዋል። ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንዲት ሴት ዙሪያ ነው። ያን በመሰለ ትልቅ አዳራሽ፣ ንጉሠ ነገሥቱና የውጭ እንግዶች ባሉበት ዘመን፣ ቴአትር ቤቱ ሴት ተዋንያን የግድ ያስፈልጉት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ደፋሮች ከጥቂት ዓመታት በፊት ባይወጡ ኖሮ ሴት ተዋናይ ከየት ይመጣ ነበር?

በዚያ ቤት አስናቀች ለረጅም ዓመታት ሠራች። ትተውናለች፣ ትዘፍናለች፣ ትወዛወዛለች፣ ክራር ትመታለች። ዛሬ እነዚህ አራት ሰዎች የሚሠሯቸው አራት ሙያዎች ናቸው። ቤቱም በዚያ ዘመን ትልልቅ ሥራዎችን አሳይቷል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ኦቴሎ» የታየው በዚሁ መድረክ ነው። ያቺ ማሪያ ለንደን ላይ የታገለችባት ዴስዴሞና አማርኛ ተናግራ የሞተችው አዲስ አበባ ላይ ነው ማለት ነው፤ ያውም በሴት አንደበት።

አስናቀች በውበቷና በአለባበሷም ከተማው የሚያወራላት ሴት ሆነች። ስለ ፍቅር ሕይወቷ ብዙ ተወራ፤ እሷም አልደበቀችም። በክራሯ ስታንጎራጉር የምትናገረው ስለ ራሷ ፍቅር፣ ስለ ራሷ መከዳትና ስለ ራሷ ናፍቆት ነው። ሌላው ዘፋኝ ገጣሚ ሰጥቶት የሚለውን እሷ ከራሷ አውጥታ ትለው ነበር። ግጥሞቿ ሰምና ወርቅ ስላላቸው አንዱ ሲስቅ ሌላው አንገቱን ይደፋል። ስለ እሷ የሚያወራውን ከተማ እሷም መልሳ ታወራበት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ነፃነት ግን በነፃ አልተገኘም። በዚያ ዘመን የቴአትር ቤት ሴት ማለት ለብዙ ቤተሰብ ከሴተኛ አዳሪ የማትለይ ነበረች። ማንም ለልጁ ሚስትነት አያጫትም፤ ጎረቤት ልጁን ከእሷ ጋር አያስጠጋም። ማታ በጭብጨባ የሸኛት ሰው ጠዋት ሰላምታ ሲነፍጋት ይታያል። ስለዚህ ጉዳይ የምጽፈው ነገሩ ያለፈ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ የአባሎቻችን ሴት ልጆች ለማኅበሩ ዓመታዊ በዓል አጭር ድራማ እንሥራ፣ መግቢያም ይከፈልበትና ገንዘቡ ለብድርና ቁጠባው ይግባ ብለው ጠይቀው ነበር። በእኛው በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በተደረገው ስብሰባ እናቶች ለሁለት ተከፈሉ። ድራማው በነፃ ይሁን እንጂ ይሠራ ያሉ ነበሩ። አንዲት የምናከብራቸው እናታችን ደግሞ ልጃቸው ሰው ፊት ቆማ እንደ ሚስት እንድትናገር እንደማይፈቅዱ፣ ነገ ስሟን ማን እንደሚያጸዳላት አናውቅም ብለው በእንባ ተናገሩ። ማንም አልሳቀባቸውም። እኔም አልፈረድኩባቸውም፤ እሳቸው ያደጉበትን ዘመን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ልጆቹ ወንድ ተማሪ ፈልገን ሚስቲቱን እሱ ይሥራት ብለው ሲያቀርቡ ሰማሁና ደነገጥኩ። ሰባ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ተመልሰን አረፍን። ጉዳዩ እስካሁን አልተቋጨም፤ ደጋፊዎቻችንም ይህን ብታውቁት ጥሩ ነው።

ወደ አስናቀች ልመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። «የፍቅር ጮራ» ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማል። ስለዚህ በወጣትነቷ የሠራቻቸው ቴአትሮች በካሜራ የሚያስቀር ተቋም ባልነበረበት ዘመን ተሠርተው ያለፉ ናቸው። ሙዚቃው ዕድለኛ ነበር፤ ሸክላና ካሴት መጥተው ክራሯንና ድምፏን አተረፉላት። ቴአትር ግን መጋረጃው ሲዘጋ ያልቃል። በሙያዬ የንብረት መዝገብ የሚባል ነገር አለ፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪና ሁሉ ቁጥር ይለጠፍበታል። አንድ ቴአትር ቤት መዝገቡ ላይ መጋረጃውን፣ መብራቱን፣ የተዋናይዋን ቀሚስ ሳይቀር ይጽፋል። ቀሚሱን ለብሳ የሠራችው ሥራ ግን የትኛውም ዓምድ ውስጥ አይገባም። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ሆኖ ሳለ አንድ ሳንቲም ዋጋ አልተጻፈለትም።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ። ቴአትር ቤቱ ስሙን ለወጠ፤ ሰዓት እላፊው የከተማውን የምሽት ሕይወት ዘጋው፤ መድረኩም የዘመኑን ፖለቲካ መናገር ጀመረ። ሽክ ብላ በከተማው የምትዞር፣ ስለ ፍቅር የምታንጎራጉር ሴት ለዚያ ዘመን የምትመች አልነበረችም፤ ሥራዋን ግን ቀጠለች። ከጡረታ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ አርቲስቶች ከመድረኩ ራቀች፤ ትውልዱም ተቀየረ።

ስሟን እንደገና ያነሳው ክራሯ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ 16ኛው ቅጽ ለእሷ ተሰጠ፤ ርዕሱም ባለ ክራሯ እመቤት የሚል ትርጉም አለው። በዚህ ሥራ ፓሪስና ኒው ዮርክ ያለ ሰው አማርኛ ሳያውቅ አስናቀችን ሰማ። ድምፏ ከጅማቱ ጋር እየተጫወተ፣ አንዳንዴ እየተናገረ አንዳንዴ እያዜመ ሲሄድ ቃሉን የማያውቅም ሰው የሚያዳምጣት ይመስለኛል። እኔ በመስማቴ የማገኘው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ተዋናይዋን እሰማለሁ። አንድ ስንኝ ጀምራ ትንሽ ቆም ትላለች፤ ያ ቆምታ ሙዚቃ አያስፈልገውም። ታዳሚ ፊት የቆመች ሴት ናት፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እንዲጠብቁላት ታደርጋለች። የጠፋው ቴአትሯ ትንሽም ቢሆን እዚያ ውስጥ አለ እላለሁ።

ስለ ቴአትር ዓለም የተሠሩ የውጭ ፊልሞች በጣም ከሚያነሱት ነገር አንዱ የተዋናይት እርጅና ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 የወጣው «ኦል አባውት ኢቭ» ማርጎ የምትባል ስመ ጥር ተዋናይት አርባ ዓመት ሲሞላት ወጣቷ ረዳቷ ቦታዋን ስትወስድባት ያሳያል። ማርጎ የምትፈራው መስታወቱን ነው። «አስኒ»ን ሳይ ግን ያ ፍርሃት አልታየኝም። ፊልሙ የተቀረጸው አስናቀች በዕድሜዋ ማምሻ፣ ጤናዋ ተጓድሎ ባለችበት ጊዜ ነው። ሌሎች ስለ እሷ ይናገራሉ፤ እሷም ስለ ራሷ ታወራለች። ያሳለፈችውን ፍቅር፣ ያጣችውንና ያገኘችውን ሳታፍር ትናገረዋለች። ወጣት ሆና ትታይ የምትለው ነገር የላትም። ካሜራው ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ ግን ትነቃለች፤ ሽቅርቅርነቷም አልለቀቃትም።

እዚህ ላይ ነው ይህ ፊልም ከውጭዎቹ የሚለየው። በ«ስቴጅ ቢዩቲ» ውስጥ ያለውን «ኦቴሎ» ተዋንያን ቀጥረው፣ መድረክ ሠርተው፣ ልብስ ሰፍተው አሳዩን። የእኛ ፊልም ያለው አልጋዋና ፊቷ፣ ያወቋት ሰዎች ትዝታና ክራሯ ነው። በፊልሙ ውስጥ ያለው ቴአትር እሷ ራሷ ናት። ስታወራ ድምፏን ዝቅ ታደርግና ታዳሚዋን ታስጠጋለች፤ ሳቋን የት እንደምታስቀምጥ ታውቃለች። መድረክ የለም፤ ሙያው ግን አለ። አንዳንድ ወዳጆቼ ፊልሙ ብዙ አሮጌ ቴአትር ቢያሳይ ኖሮ ይሻል ነበር ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያንን ለማሳየት ወጣት ተዋናይት ቀጥረው አስናቀችን አስመስለው ቢሠሩ ኖሮ እንደገና ሌላ ሰው እሷን መስሎ መድረክ ላይ መቆሙ አይቀርም ነበር። በሕይወቷ ሙሉ የታገለችው ያንን መሰለኝ።

አስናቀች ወርቁ በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ በ76 ዓመቷ ገደማ አረፈች። ፊልሙ የወጣው ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ተጠናቆ ለሕዝብ ሲቀርብ አላየችውም።